ትንፋሽ ያጠራቸው መኪኖች

ሸጎሌ ላይ በማለዳ ሞተር ማስነሳት የራሱ ወግ አለው። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ያጓራል፤ ከዚያ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ቡልቅ ይልና አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። የከተማ አውቶቡሶች ከሚያድሩበት ዲፖ አጠገብ የሚኖር ሰው ማለዳ ሰዓት ማየት አያስፈልገውም። ጭሱን ያየ ሁሉ የራሱን ምርመራ ያደርጋል። አንዱ «ፖምፓው ነው» ይላል፣ ሌላው «ፊልትሮው ተደፍኖ ነው»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ዘይት እየበላ ነው»። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ተራራው ነው።

የእንጦጦን እግር የተንተራሰችው የአዲስ አበባ ሰፈር ሸጎሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ሞተር በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሰው ይህን ይለምደዋል፤ ደሙ ራሱን ያስተካክላል፤ ከእነዚሁ ኮረብታዎች ላይ ስንት ሯጭ ወጥቷል። ሞተር ግን ልምምድ አያውቅም። ሲሊንደሩ ያው ነው፣ ፒስተኑ ያው ነው፤ የአየር ሩብ ሲጎድልበት የጉልበት ሩብ ይጎድለዋል።

ኮፈን ከፍተው የፋብሪካውን የፊልትሮ ሳጥን አውልቀው የሚጥሉ፣ በምትኩ ሾጣጣ ፊልትሮ ገጥመው ከፊት መብራቱ ሥር ቱቦ የሚዘረጉ ወጣቶች የሚታገሉት ከዚሁ ሩብ ጋር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፣ ወፍራም አየር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ብዙ ነዳጅ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ነገሩ የዘመኑ ልጆች ፈጠራ ይመስላል። የአዲስ አበባን መኪኖች ታሪክ ከፊልትሮው በኩል ለሚያይ ሰው ግን ይህች ቱቦ በጣም ረጅም ናት፤ ጫፏ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሸጎሌ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከቆላ ከመጣ ሰው ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የአሶሳና የአካባቢው ገዢ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን እዚህ ጉለሌ ውስጥ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። «ሼህ ሆጀሌ» በከተሜው አፍ ሲላላጥ፣ ሲገጣጠም ሸጎሌ ሆነ። አሶሳ ከሸጎሌ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ የሼሁ በቅሎዎች ሽቅብ ሲወጡ ትንፋሽ ያጠራቸው እንደሆነ የጻፈ ሰው የለም። ስለ መኪኖቹ ግን ብዙ ተጽፏል።

ከመኪና በፊት የሰርኪስ ባቡር መጣ። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያመጣው የእንፋሎት ሞተር የሚያስፈልገው እሳትና ውሃ ብቻ ስለነበር ከፍታው ብዙም አላስጨነቀውም። እውነተኛው ፈተና የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሬጂናልድ ዌልስ ከሚባል መካኒክና ከአንድ ውሻ ጋር ሆኖ በሲድሊ መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ገደል አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክም ተሳፈሩባት። ብዙ ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ናከ የተሰኘች የሀገሩን መኪና ይዞ ደረሰ።

የዚያን ዘመን መኪኖች አብዛኞቹ የአየር ፊልትሮ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ካርቡራተራቸው አፉን ከፍቶ አቧራውንም ነፍሳቱንም ከአየሩ ጋር ይውጥ ነበር። ከዚህም በላይ ቤንዚኑ የሚለካው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። ካርቡራተር ከፍታን አያውቅም፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቤንዚኑን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሞተሩ ያስላል። መድኃኒቱ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ቀዳዳ በሌላ ጠበብ ባለች መለወጥ ነው። ይህ የደጋ መካኒክ የመጀመሪያ ትምህርት ሆነ፤ ካርቡራተር እስከ ጠፋበት ጊዜ ድረስም አልተለወጠም።

አየር ላይም ያው ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ያረፈው ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነበር፤ ከሸጎሌ በስተምዕራብ፣ በመኪና ቅርብ ከሚባል ስፍራ። ለአውሮፕላን የሳሳ አየር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሞተሩም ክንፉም ያንኑ አየር ይፈልጋሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተጠቀመባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች ለዚህ መልስ ይዘው መጡ፤ ሞተሮቻቸው አየር የሚገፋ ማራገቢያ ነበራቸው፣ በሞተሩ በራሱ ጉልበት የሚዞር። የሳሳውን አየር ጠቅጥቆ ማስገባት ማለት ነው። ለመሬት መኪኖቻችን ይህ ዕድል እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት ወሰደ።

ከአየር መንገዱ በፊት ጣሊያኖች መጥተው ነበር። ከታንክና ከመድፍ ጋር የጭነት መኪና አመጡ፣ ከጭነት መኪናው ጋር ደግሞ እስከ ዛሬ ያልወጣ ቋንቋ። ጋራዥ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማኒኮቶ፣ ፋሼታ፣ ማርሚታ፣ ፊልትሮ። «የአየር ማጣሪያ» የሚለው በመጽሐፍ ላይ አለ፤ ዘይት በነካው እጅ ግን የሚያዘው ፊልትሮ ነው። «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው ፊያት 634 የናፍጣ መኪናም የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

እነዚህ መኪኖች የተፈተኑት ጣርማ በር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ሲና ከመድረሱ በፊት ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ 587 ሜትር በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ በተለየ መንገድ ነው ትንፋሽ የሚያጥረው። ቤንዚኑ ያስላል፤ ናፍጣው ይጨሳል። ፖምፓው ለባሕር ዳርቻ የተለካውን ናፍጣ እየተፋ ይቀጥላል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን አይበቃም፣ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ከደብረ ሲና ሽቅብ የሚወጣ የድሮ ካሚዮን ከሩቅ የሚለየው በጭሱ ነበር። ሹፌሩ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኖ፣ በሩን በግማሽ ከፍቶ፣ ረዳቱ ደግሞ ጎማ ሥር የሚሰነቅር ድንጋይ ይዞ በእግሩ ከኋላ እየተከተለ።

በጊዜው ዓለም መልሱን አግኝቶ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 ከማርሚታ በሚወጣው ጢስ ጉልበት የሚዞር አየር መጭመቂያ፣ ማለትም ቱርቦን፣ አሰበና መብቱን አስመዘገበ። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ፣ 4,300 ሜትር ላይ አውጥቶ ፈተነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወርዶ ነበር፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ከፍታው የወሰደውን ሁሉ መለሰ፣ ትንሽም ጨመረ። ራስ ደጀን ከፓይክስ ፒክ ይበልጣል፤ የደጋው ሰው ግን የቱርቦን ወሬ የሰማው በጣም ዘግይቶ ነው።

እስከዚያው አዲስ አበባን የያዛት ሌላ ጠላት ነበር፤ አቧራ።

ቮልስን የሚያስታውስ ሰው ከኋላ ያለውን ኮፈን ከፍቶ በሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠውን ጥቁር ድስት የመሰለ ነገር ያስታውሳል። እሱ ነው ፊልትሮው። ውስጡ ወረቀት የለበትም፤ የሞተር ዘይት ነው ያለበት። የሚገባው አየር ወደ ታች ይወርድና ዘይቱ አናት ላይ ሲደርስ በድንገት ሽቅብ ይታጠፋል። አየሩ ቀላል ስለሆነ ይታጠፋል፣ የአቧራው ቅንጣት ግን ክብደት ስላለው መታጠፍ አቅቶት ዘይቱ ውስጥ ይዘፈቃል። ድስቱን ፈትቶ ላወረደ ሰው የከተማዋ መንገዶች ታሪክ ከሥሩ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ የጭቃ ሊጥ የመሰለ፣ በማንኪያ የሚፋቅ ጥቁር አተላ። አላዋቂ ያዘነበለው እንደሆነ ዘይቱ ሞተሩ ላይ ይፈሳል። ሲታጠብ በናፍጣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እስከ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት ይሞላል። የሚገዛ ነገር የለውም። ቮልስ በዚህ አገር ረጅም ዕድሜ ያገኘችበት አንዱ ምክንያት ይህ ድስት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ላዳ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይዛ መጣች። በሶቪየት ኅብረት ቶልያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተመረተችው ላዳ በጣሊያኑ ፊያት 124 ላይ የተመሠረተች ናት፤ በደርግ ዘመን ገብታ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነች። ክቡ የፊልትሮ ቤቷ ሁለት አፍንጫ አለው። አንዱ ከኮፈኑ ሥር ካለው አየር ይስባል፤ ሌላው በቱቦ ሄዶ ከጋለው የጢስ መውጫ አጠገብ የሞቀ አየር ያመጣል። ክዳኑን አዙሮ በመግጠም አንዱን መክፈት ሌላውን መዝጋት ይቻላል፤ አንዱ አገጣጠም ለበጋ፣ ሌላው ለክረምት።

እዚህ ላይ ነው ትርጉም የሚቸግረው። የሩሲያ ክረምት ሲባል በረዶ ነው፤ ከዜሮ በታች ሃያና ሠላሳ ዲግሪ። የእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናብና ጭጋግ። «የክረምት» ተብሎ የተሠራውን ቀዳዳ ሐምሌ ሲገባ መክፈት ይገባል ወይስ አይገባም? ቀልድ ይመስላል እንጂ መልሱ አስቂኝ አይደለም። በካርቡራተር ጉሮሮ ውስጥ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ከውጭ 10 ዲግሪ እያለም ጉሮሮው ውስጥ በረዶ ሊጋገር ይችላል። እርጥብና ቀዝቃዛ ማለት ደግሞ የሸጎሌ የሐምሌ ማለዳ ነው። ስለዚህ ሞቃቱን አየር ለጉልበት ብሎ የዘጋ የላዳ ሹፌር፣ ጠዋት ጠዋት የማይረጋ ሞተር ሊገጥመው ይችል ነበር። ቀዝቃዛ አየር ሁልጊዜ መልካም ነው የሚለው እምነት በካርቡራተር ዘመን ሙሉ እውነት አልነበረም።

ወደ ከባዱ መኪና እንመለስ። «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 ለረጅም ጊዜ የአገሪቱን ጭነት ተሸክሟል፤ የጣሊያንን መኪኖች እዚሁ የሚገጣጥመው አምቼ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲቋቋም ከበስተኋላው የኖረ ልምድ ነበረ። ኤንትሬ ከአሥር ሊትር በላይ የሆነ ትልቅ ሞተር ነበረው፣ ቱርቦ ግን የለውም። የከፍታውን ችግር የፈታው በስፋት ነው፤ ብዙ አየር ከሌለ ትልቅ ሳንባ ይዞ መምጣት። ሚኒባሱ ቶዮታ ሃይስ ትልቅ ሳንባ እንኳ አልነበረውም። የድሮዎቹ ሃይስ የናፍጣ ሞተሮች ቱርቦ አልባ ነበሩ፣ የሚቀመጡትም ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ጋቢና ተቀምጦ ከመርካቶ ወደ ሰሜኑ አቀበት የወጣ ተሳፋሪ የሞተር ሙቀት ምን እንደሆነ ቴርሞሜትር ሳያስፈልገው ያውቀዋል።

አይሱዙ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በኋላ የመጡት ቱርቦ የተገጠመላቸው አይሱዙዎች በአቀበት ላይ ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ፤ በፍጥነታቸው የተነሳ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው፣ ተከትለዋቸው የመጡት ሲኖትራኮች ደግሞ «ቀይ ሽብር»። የቅጽሉ ጥፋት በእርግጥ የሹፌር ነው። ያንን ፍጥነት ደጋ ላይ ያስቻለው ግን ያቺ የቡሺ ቀንድ አውጣ መሳይ መሣሪያ ናት። ጭሱም ቀነሰ፤ ቱርቦው የተበላሸ አይሱዙ አቀበት ላይ ሲጨስ ያየ ሰው፣ የድሮ ካሚዮኖች ለምን ያን ያህል ያጨሱ እንደነበር ይገባዋል።

ከቱርቦ ጋር የሚመጣ አንድ ሌላ ዕቃም አለ፤ ከራዲያተሩ ፊት ወይም ጎን የሚቀመጥ፣ ራዲያተር የሚመስል ማቀዝቀዣ። አየር ሲጠቀጠቅ ይግላል፣ የጋለ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ ስለዚህ ቱርቦው የጠቀጠቀው አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በውጭው ነፋስ መቀዝቀዝ አለበት። የሸጎሌ ቀዝቃዛ አየር በእውነት ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደዚያች የወጣቶቹ ቱቦ። ሞተሩ ከሞቀና መንገዱ ከተዘጋጋ በኋላ ከኮፈን ሥር ያለው አየር 60 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። ውጭው 20 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 40 ነው፤ የአየር ውፍረት በየሦስት ዲግሪው አንድ በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ከኮፈን ሥር የሚስብ ሞተር 12 በመቶ ያህል ያጣል። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ችግሩ የፋብሪካው ሳጥን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ አየሩን የሚስበው ከውጭ መሆኑ ነው፤ ከፊት መብራቱ ጀርባ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ። ሳጥኑን ጥሎ ሾጣጣ ፊልትሮ ባዶውን የተከለ ሰው የነበረውን ቀዝቃዛ አየር በገዛ እጁ አጥቶ፣ በጎላው የመሳብ ድምፅ ብቻ ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። ቱቦው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥፋት ለማረም።

ሐሳቡ ውጭ አገር የተከበረ ዘር አለው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1964 ለድራግ ውድድር የሠራት ተንደርቦልት ከአራቱ የፊት መብራቶቿ ሁለቱ ተነቅለው በቦታቸው ወንፊት ተደርጎ፣ ከዚያ በወፋፍራም ቱቦዎች አየር በቀጥታ ወደ ካርቡራተሩ ይሄድላት ነበር። ዘይት የተቀባ የጥጥ ፊልትሮውን ዓለም ላይ ያሰራጨው ኬ ኤንድ ኤን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ ነው። ጥጥና ዘይት፤ ከቮልሷ ድስት ብዙም ያልራቀ ዘዴ ነው።

በአዲስ አበባ ግን ዕቃው ሁሉ ከሳጥን ወጥቶ አይመጣም። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ ማኒኮቶ፣ የውሃ መስመር ፕላስቲክ ክርን፣ ሁለት ፋሼታ፣ ካስፈለገም ምናለሽ ተራ የተጠቀለለ ላሜራ። መገጣጠሚያው ላይ አየር እንዳያስገባ የጎማ ጥብጣብ ይጠመጠማል። ጠማማው እየበዛ፣ ቱቦው እየጠበበ ሲሄድ ግን ሞተሩ በቀጭን ገለባ እንደሚጠጣ ሰው ይሆናል፤ ከሙቀት ያተረፈውን በመጎተት ይከፍላል።

አቧራው አሁንም አለ። ኮብልስቶን ብዙ የውስጥ መንገዶችን ቢያለብስም ካልተነጠፉት አቧራው በየበጋው ይነሳል። የወረቀት ፊልትሮ ጎማ ላይ መታ መታ ተደርጎ ከውስጥ ወደ ውጭ በኮምፕሬሰር ይነፋል፤ ይህን ልማድ በዘይት በተቀባ ፊልትሮ ላይ የደገመ ሰው ግን ጥጡን ሊጎዳው ይችላል። ከአቧራው የባሰው ውሃ ነው። የፋብሪካ መሐንዲሶች አፍንጫውን ከፍ አድርገው የተከሉት በምክንያት ነው። ቱቦውን ወደ ባምፐሩ ሥር ያወረደ ሰው ነሐሴ ላይ ጎርፍ የያዘ አስፋልት ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ውሃ ይስባል። ውሃ አይጨመቅም፤ ፒስተኑ ሲመታው የሚታጠፈው ቢዬላው ነው። ጥቂት በመቶ ጉልበት ፍለጋ የወጣ ሰው ሞተር አስወርዶ ይመለሳል።

አንድ ስሌት ደግሞ ከሁሉ በላይ ልብ ይሰብራል። መተሐራ አካባቢ፣ አዋሽ ሸለቆ ውስጥ 950 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ 40 ዲግሪ ግሎ ሰው በሚያልብበት ቀትር እንኳ አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሸጎሌ ላይ፣ ጣት በሚቆረጥምበት የኅዳር ማለዳ፣ ያው ሜትር ኩብ 940 ግራም ያህል ነው። የበረሃው ትኩስ አየር ከእንጦጦ ሥሩ ብርድ ይወፍራል። ስለዚህ እዚህ አገር ቀዝቃዛ አየር የሚያሳድድ ቱቦ ከኮፈኑ የጠፋውን ሊመልስ ይችላል፤ ተራራው የወሰደውን ሩብ ግን አይነካውም። ያንን የሚመልሰው ወይ ቱርቦ ነው፣ ወይ ቁልቁል መንዳት።

ታሪኩ ራሱ ወደ ማብቂያው ሳይደርስ አልቀረም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በየመንገዱ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ መኪኖች በየወሩ እየበዙ ነው፤ የሸጎሌን አቀበት የሚወጡት አየር ሳይለምኑ ነው፤ ሞተራቸው 2,500 ሜትር ላይም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሰጠው ጉልበት ያው ነው። ኮፈናቸው ሲከፈት ሾጣጣ የሚተከልበት፣ ቱቦ የሚዘረጋበት አፍንጫ የለም። አንድ ፊልትሮ ግን አላቸው፤ ከጓንቲራው ጀርባ የተሸሸገ፣ ለተሳፋሪው የሚገባውን አየር የሚያጣራ። ከሸጎሌ የውስጥ መንገዶች በኋላ እሱንም አውጥቶ ማራገፍ ያስፈልጋል።